ያለ ዜማ ያልተማረው የብረት ክንድ

ስሙኝማ፤ ራቅ ያላችሁ ጠጋ በሉ። ተረቴ የፋብሪካ ተረት ነውና «የላም በረት» ብላችሁ አትመልሱልኝ፤ ላምም የለ፣ በረትም የለ። «የሳሙና ክምር» በሉኝ። እኔም በስመ አብ ብዬ ልጀምር።

ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የሳሙና ፋብሪካ ነበረ። ደርበው የሚባል ሹፌር ደግሞ ነበረ። ደርበው ከዚህ ዓለም የፈለገው ትንሽ ነገር ነው። ወርቅ አልፈለገም፤ ሹመት አልፈለገም። የፈለገው ሳሙናውን ጭኖ፣ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ከግቢ መውጣት ነው። ሳሙናው የሚሄደው ወልዲያ ነው። መርሳ እመንገዱ ላይ ናት። መርሳ ላይ ሚስቱ እንጉዳይ አለች፤ እንጉዳይ እቅፍ ውስጥ ሴት ልጁ አለች፤ ነገ ጠዋት የልጅቷ ሰማንያ ቀን ነው፣ ክርስትና ትነሣለች።

«የትልቋን ክርስትና መኪና ተበላሸብኝ ብለህ ሚሌ በረሃ ቀረህ» አለችው እንጉዳይ በስልክ። «እሺ፣ ብረት ነው፣ ይሰበራል ብዬ ቻልኩ። የዚችን ብትቀር ግን እኔንም አታገኘኝም። ሰምተሃል ደርበው?»

«ሰምቻለሁ እንጉዳዬ።»

«መስማትማ ትሰማለህ። መምጣቱ ነው!»

ስልኩ ተዘጋ። ደርበው አማተበና ወደ መኪናው ሄደ።

«ተነሥ እንሂድ» አለው መኪናውን።

«ባዶዬን?» አለ መኪናው። «ባዶ መኪና ከዚህ ግቢ አይወጣም፤ ዘበኛው ራሱ አይከፍትልንም። ትተኸኝ በሚኒባስ ብትሄድ ደግሞ ነገ ሌላ ሹፌር ይቀመጥብኛል። ያለ ጭነት አልሄድም።»

መኪና ያወራል ወይ እንዳትሉኝ። መኪና እየነዳ ያረጀ ሹፌር ጠይቁ፤ ሲያወራ ይሰማዋል። ሲሳደብም ይሰማዋል።

ደርበው ወደ ሳሙናው ክምር ሄደ። «እባክህ ሳሙና፣ ተነሥና ግባልኝ። ያለ ጭነት አልሄድም ብሏል መኪናው።»

«እግር አለኝ እንዴ?» አለ ሳሙናው ካርቶኑ ውስጥ ሆኖ። «እስከ ትናንት ሰው ነበር የሚያነሣኝ። ከዛሬ ጀምሮ ክንዱ ያነሣሃል ተብያለሁ። ያለ ክንዱ አልነሣም።»

ደርበው ወደ ክንዱ ሄደ። ክንዱ የብረት ክንድ ነው፤ ብሎኑ የዛገ፣ ቢጫ ቀለሙ የተላላጠ፣ ሌላ አገር አገልግሎ በመርከብ የመጣ። ሠራተኞቹ «ሽማግሌው» ይሉታል። ሥራ ከፈታ ጀምሮ ክርኑ ላይ ድንቢጥ ጎጆ ሠርታበት ነበር፤ እሷን በስንት ልመና ነው ያስነሧት።

«እባክህ ሽማግሌው፣ ሳሙናውን አንሣልኝ» አለው ደርበው። «መኪናው ያለ ጭነት አልሄድም አለ፤ ሳሙናው ያለ ክንዱ አልነሣም አለ።»

«ልጄ» አለ ክንዱ፣ «እኔ ጉልበት አለኝ፣ ብልሃት የለኝም። ድሮ ካርቶኑን ሁሉ አንድ ልክ አድርገው፣ አንዲት ቦታ ላይ ያስቀምጡልኝ ነበር። እዚያ ሄጄ እጨብጣለሁ፣ አነሣለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ጣት ታህል ከተንሸራተተ ግን አየር ጨብጬ እቆማለሁ። አሁን ትልቁም ትንሹም ካርቶን ተደባልቆ ይመጣል፤ አንዱ ቀጥ ይላል፣ አንዱ ይንጋደዳል። ለዚህ ብለው ዓይን ገጥመውልኛል። ያለ ዓይኑ አልይዝም።»

ደርበው ቀና አለ። ከክንዱ ትከሻ በላይ፣ የብረት አንገት ላይ፣ ካሜራ ተሰክቷል። ክብ፣ ጥቁር፣ የማይጨፈን ዓይን።

«እባክህ ዓይኑ፣ ለክንዱ አሳየው። መኪናው ያለ ጭነት አልሄድም አለ፤ ሳሙናው ያለ ክንዱ አልነሣም አለ፤ ክንዱ ያለ ዓይኑ አልይዝም አለ።»

«ማየትስ አያለሁ» አለ ዓይኑ። «ካርቶኑን አያለሁ፤ የካርቶኑን ጥላ አያለሁ፤ ያንተንም መላጣ አያለሁ። ግን ካርቶኑ የቱ ነው፣ መላጣው የቱ ነው? እሱን የሚለይልኝ አስተውሎቱ ነው። ያለ አስተውሎቱ አልለይም።»

ደርበው ባርኔጣውን አጠለቀና ወደ አስተውሎቱ ሄደ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሉታል የተማሩት። ሲታይ ትንሽ ሳጥን ነው፤ አረንጓዴ መብራት አለው፤ ጥግ ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ብሌን የምትባል ወጣት መሐንዲስ የተገለበጠ የእንጨት ሳጥን ላይ ተቀምጣ አገጯን ይዛለች። ሳጥኑን ለሽማግሌው ክንድ የገጠመችለት እሷ ናት።

«እባክህ አስተውሎቱ» አለ ደርበው፣ «መኪናው ያለ ጭነት አልሄድም አለ፤ ሳሙናው ያለ ክንዱ አልነሣም አለ፤ ክንዱ ያለ ዓይኑ አልይዝም አለ፤ ዓይኑ ያለ አስተውሎቱ አልለይም አለ።»

«እኔ የዛሬ ልጅ ነኝ» አለ አስተውሎቱ። «ካርቶን ምኑ ላይ ይያዛል? ለስላሳውን እንዴት ነው ሳይጨመቅ የሚያነሡት? የተንጋደደውን ከየት በኩል ያቃኑታል? ሰው ሲያደርገው ካላየሁ ከየት አመጣዋለሁ? ያለ እጆቹ አልማርም።»

«እውነቱን ነው ጋሼ ደርበው» አለች ብሌን። «ጥቂት ረድፍ ሲደረደር ቢያይ በቂው ነው። ከጠዋት ጀምሮ ግን አንድም ሰው ካርቶን አልነካም። ብለምን፣ ብለምን፣ ወይ ፍንክች!»

ደርበው ወደ እጆቹ ሄደ። እጆቹ የጫኞቹ እጆች ናቸው። ጫኞቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተኮልኩለዋል፤ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተዋል።

«ወንድሞቼ፣ ስለ ማርያም» አለ ደርበው፣ «መኪናው ያለ ጭነት አልሄድም አለ፤ ሳሙናው ያለ ክንዱ አልነሣም አለ፤ ክንዱ ያለ ዓይኑ አልይዝም አለ፤ ዓይኑ ያለ አስተውሎቱ አልለይም አለ፤ አስተውሎቱ ያለ እጆቹ አልማርም አለ።»

«አስተምረነው ቦታችንን ቢወስድስ?» አለ አንዱ ጫኝ።

«እሱ ሌላ ፍርሃት ነው፣ እሱን ለብቻው እንፈራዋለን» አለ ሌላው። «አሁን የጎደለን ዜማው ነው። ደርበው፣ አንተም ታውቃለህ፤ እኛ ሳሙና በጉልበት ጭነን አናውቅም። አያ ይመር ያወጣል፣ እኛ እንቀበላለን፣ ካርቶኑ ራሱ ይነሣል። ዝም ብለን ብናነሣ ለዚያ ሳጥን የምናሳየው የደከመ ሰው ነው። ያለ ዜማው አናሳይም።»

እውነት ነው። የእነዚህ ጫኞች ልማድ ነው። አያ ይመር ግጥም ያወጣል፤ በግጥሙ ሰው ይነካል፤ እነሱ «ኧኸ በል!» ብለው ያነሣሉ፤ ግጥሙ ቤት ሲመታ ቆም ብለው ይስቃሉ፤ ደግሞ ያነሣሉ። የሚነካው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ የጫኞቹ አለቃ፣ ካቦው ነው። ካቦ ያልተነካበት ጭነት መንገድ ላይ ይገለበጣል ይላሉ።

ደርበው ወደ አያ ይመር ሄደ። አያ ይመር ከአጥሩ ጥላ ሥር ሽርጡን ሰብስቦ፣ ጀርባውን ለፋብሪካው ሰጥቶ ተቀምጧል።

«አያ ይመር፣ እባክህ አውጣላቸው። መኪናው ያለ ጭነት አልሄድም አለ፤ ሳሙናው ያለ ክንዱ አልነሣም አለ፤ ክንዱ ያለ ዓይኑ አልይዝም አለ፤ ዓይኑ ያለ አስተውሎቱ አልለይም አለ፤ አስተውሎቱ ያለ እጆቹ አልማርም አለ፤ እጆቹ ያለ ዜማው አናሳይም አሉ።»

«ወላሂ አልዘፍንም!» አለ አያ ይመር። «ጠዋት ቢስሚላህ ብዬ ጀመርኩ። ምን አልኩ? ክፉ ነገር አልኩ? ይኸውልህ፦

ካቧችን ጎበዝ ነው፣ ማዘዝ የማይደክመው፣
አንድ ካርቶን ቢያነሣ ሦስት ቀን የሚያመው።

ይቺን ነው ያልኩት። ከዚህ የባሰ ስንት ጊዜ ብዬው ስቆ አልፏል! ዛሬ በሰው ፊት አፌን ዘጋኝ። 'ከእንግዲህ እዚህ ግቢ ዘፈን የለም' አለኝ። እኔ ይመርን! ያለ ካቦው ፈቃድ አልዘፍንም፤ ፈቃዱንም አልለምንም።»

ደርበው ወደ ካቦው ሄደ። እናንተም አብራችሁኝ ሂዱ፣ ትንፋሽ ውሰዱ፤ ሰንሰለቱ ረዝሟል። ካቦ አሰጋኸኝ ከበሩ ደፍ ላይ ቆሟል፤ ግንባሩ ተቋጥሯል።

«ካቦ፣ እባክህ» አለ ደርበው። «መኪናው ያለ ጭነት አልሄድም አለ፤ ሳሙናው ያለ ክንዱ አልነሣም አለ፤ ክንዱ ያለ ዓይኑ አልይዝም አለ፤ ዓይኑ ያለ አስተውሎቱ አልለይም አለ፤ አስተውሎቱ ያለ እጆቹ አልማርም አለ፤ እጆቹ ያለ ዜማው አናሳይም አሉ፤ ዜመኛው ያለ ካቦው ፈቃድ አልዘፍንም አለ።»

«አልፈቅድም!» አለ ካቦ አሰጋኸኝ። «ያ ሳጥን ሰው ሲያደርግ ያየውን ሁሉ ይማራል ተባለ። ተባለ ወይስ አልተባለም? እንግዲህ ዛሬ የሚሰድበኝ አንድ ይመር ነው። ይመርም ማታ ቤቱ ይገባል፣ ይተኛል። ያ ሳጥን ግን አይተኛም! ስድቡን ከተማረልህ ቀንም ሌትም ሊሰድበኝ ነው። ጡረታ ወጥቼ እንኳ እዚህ ቆሞ ሊሰድበኝ ነው!»

«ካቦ፣ ጆሮ እኮ የለውም» አለች ብሌን ከጥግ። «ዓይን ብቻ ነው ያለው።»

«ዛሬ የለውም። ነገ ቢያበቅልስ? ትናንት ዓይንስ ነበረው?»

ብሌን ቀና ብላ ካሜራውን አየች።

«ስለዚህ» አለ ካቦው፣ «ይመር መጥቶ በሰው ፊት ይቅርታ ይበለኝ። ያለ ይቅርታ አልፈቅድም።»

ደርበው ወደ አያ ይመር ተመለሰ። «ያለ ይቅርታ አልፈቅድም ብሏል ካቦው።»

«አፌን የዘጋው እሱ፣ ይቅርታ ጠያቂው እኔ? እሱ ይቅደም!»

ደርበው ወደ ካቦው ተመለሰ። «እሱ ይቅደም ብሏል አያ ይመር።»

«ሰድቦኝ ደግሞ ልቅደምለት? እሱ ይቅደም!»

መጨረሻው ይህ ሆነ። ከዚያ ወዲያ የሚኬድበት የለም። ፀሐይዋ ወደ ተራራው ማዘንበል ጀምራለች። ደርበው ግቢው መካከል ቆመ። ሊቆጣ አሰበ፣ ቁጣ አልመጣለትም። ሊያለቅስ አሰበ፣ አፈረ። አንጋጠጠና «ጌታዬ፣ እኔ እንደሆንኩ አፌ አይችልም። ያለኝ ጫንቃ ብቻ ነው» አለ። ይኸው ነው ጸሎቱ። አጭር ነው፤ እግዜር ግን ረጅም አይወድም እንዴ ብላችሁ አትጨነቁ፣ አጭሩንም ይሰማል።

በአገራችን የበደለ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። የተበደለው «አውርድ» እስኪለው ድረስ አያወርድም። ደርበው ዙሪያውን ድንጋይ ፈለገ። የፋብሪካ ግቢ ሲሚንቶ ነው፤ ድንጋይ ከየት ይምጣ? ከክምሩ አንድ ትልቅ የሳሙና ካርቶን ጎተተ፤ ጫንቃው ላይ አወጣ፤ ከካቦውና ከአያ ይመር መካከል ገብቶ ጎንበስ አለ።

ጫኞቹ አንድ በአንድ ተነሥተው መጡ። ብሌንም መጣች። አያ ይመር ፊቱን አዞረ።

«አንተ ምን አጠፋህ?» አለ ካቦው።

«እኔ ምንም አላጠፋሁ» አለ ደርበው ከካርቶኑ ሥር። «የተሸከምኩት የሁለታችሁን ነው።»

«አውርድ በለዋ ካቦ!» አለ አያ ይመር። «አላህን ፍራ፤ ሰውየው ሊሰበር ነው!»

«አንተ በለው!»

«ካቦው አንተ አይደለህ? ማዘዝ መቼ ደክሞህ ያውቃል!»

ከጫኞቹ አንዱ ሳቁ አመለጠውና ሳል አስመሰለው። የደርበው ላብ በአፍንጫው ጫፍ ሲሚንቶው ላይ ጠብ ጠብ አለ።

«ወንድሞቼ» አለ፣ «እኔስ እስከ ነገም እቆም ነበር። ልጄ ግን አትጠብቀኝም። ሰማንያ ቀኗ ነገ ነው። ቀኑ አይገፋ፣ አይሳብ። እናቷ ደጅ ደጁን እያየች ነው።»

ካቦ አሰጋኸኝ ሰማይ አየ፣ መሬት አየ። «አውርድ» ለማለት አፉን ከፈተ፤ ቃሉ አልወጣ አለው። ቃሉ ሲያቅተው ምን አደረገ? ሁለት እጁን ዘርግቶ ካርቶኑን ከደርበው ጫንቃ ላይ ራሱ አነሣ። ደረቱ ላይ አቀፈው። ወገቡ «ቋ» አለ፤ ሁሉም ሰማ። ካርቶኑን ግን አልጣለም።

አያ ይመር አየ። ምሎ የዘጋው አፉ ነው፤ አፉ ግን የራሱ ጌታ ነው፣ ብቻውን ተከፈተ፦

ካቧችን ታረቀ፣ ተፈታ ግንባሩ፣
ዛሬ ካርቶን ያዘ፣ ዝናብ ነው ነገሩ!

ጫኞቹ ፈነዱ። ካቦው ሊቆጣ ግንባሩን ሰበሰበ፤ ግንባሩ እምቢ አለው። ካርቶኑን እንዳቀፈ ይስቅ ጀመር፤ ሲስቅ ወገቡ እያመመው፣ እያመመው ደግሞ እየሳቀ።

«ተቀበሉኝ ይሄን ነገር! ወገቤ!» አለ። «ይመር፣ ይቅር ለእግዜር።»

«ለአላህ ብዬ ይቅር ብያለሁ፤ አንተም ይቅር በለኝ» አለ አያ ይመር። «ለመሐላዬ እጾማለሁ።»

ካቦው ላቡን ጠረገና ወደ ጫኞቹ ዞረ። «አንድ ነገር ደብቄያችኋለሁ። ሥራ አስኪያጁ ትናንት ጠርቶ ነግሮኛል። ሽማግሌው ከባድ ከባዱን ከያዘልን፣ ያ የተዘጋው ሁለተኛው መስመር ይከፈታል። እዚያ ሰው ነው የሚያስፈልገው። ከእናንተ አንድም የሚወጣ የለም ብሎኛል፤ ሁላችሁም ባላችሁበት አስምለዋለሁ። ጠዋት ይህን ልንገራቸው ብዬ ደስ ብሎኝ ስመጣ በስድብ ተቀበላችሁኝ!»

«አንተስ ይህን ይዘህ እስካሁን ዝም?» አለ አንዱ ጫኝ።

«ኩርፊያ ነዋ!» አለ ካቦው። «የኮረፈ ሰው ምሥራች ይናገራል እንዴ?»

እንግዲህ ያዙኝ፣ ሰንሰለቱ ዞረ! ካቦው ይቅር አለና ፈቀደ፤ ካቦው ሲፈቅድ ዜመኛው ዘፈነ፤ ዜማው ሲወጣ እጆቹ ከብብት ወጡ፤ «ኧኸ በል!» አሉና ካርቶኑን ያዙ፤ እጆቹ ሲያሳዩ አስተውሎቱ ተማረ፤ ትልቁን እንዲህ፣ ትንሹን እንዲያ፣ ለስላሳውን ከሥሩ። አንድ ረድፍ አየ፣ ሁለተኛ አየ። ብሌን ከሳጥኑ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም፤ «እስቲ አሁን ለሽማግሌው ልቀቁለት» አለች። አስተውሎቱ ሲማር ዓይኑ ለየ፤ ዓይኑ ሲለይ ክንዱ ተንቀሳቀሰ። እየተንቋቋ ወረደ፤ የተንጋደደውን ካርቶን አቃናው፤ ያዘው፤ ሳይጨምቅ ሳይጥል አነሣው።

«ሽማግሌው ነቃ!» አለ አንዱ። እልልታ ሆነ፤ ከማሸጊያው ክፍል ያሉት ሴቶች ጭምር ብቅ ብለው አቀለጡት።

አሁን ስሙ። ክንዱ አንድ ካርቶን አስቀመጠ፤ ሁለተኛውን አስቀመጠ፤ ከዚያ ትንሽ ቆም አለ። ደግሞ አንድ፣ ደግሞ ሁለት፤ ደግሞ ቆም አለ።

«ምን ሆነ? ደከመው?» አለ ካቦው።

ብሌን ሳጥኗን አየች፣ ጫኞቹን አየች፣ ሳቀች። «ከእናንተ ተምሮ ነው። ግጥሙ ባለቀ ቁጥር ለሳቅ ትቆሙ አልነበር? ለምን እንደቆማችሁ አያውቅም፤ መቆማችሁን ግን አይቷል። ላጥፋለት?»

ካቦ አሰጋኸኝ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሽማግሌውን ቆሞ አየው። «ተዪው» አለ። «እሱም ይረፍበት። እኛስ መች ያለ ሳቅ ቻልነው።»

ክንዱ ሲይዝ ሳሙናው ተነሣ፤ ሳሙናው ሲነሣ መኪናው ተጫነ፤ መኪናው ሲጫን ዘበኛው በሩን ከፈተ። ደርበው ሸራውን አስሮ፣ ገመዱን ወጥሮ፣ አማትቦ መሪውን ያዘ።

«አሁንስ ትሄዳለህ?» አለው መኪናውን።

«እስካሁን ምን ይገትርሃል?» አለ መኪናው።

ደሴን ወጣ፣ ሐይቅን አለፈ፣ ውጫሌን ወረደ። ሲመሽ መርሳ ደረሰ። እንጉዳይ የሞተሩን ድምፅ ሰምታ ወጣች፤ መኪናውን አየች፣ ሰውየውን አየች። ውኃ አሙቃ አቀረበችለት። አኩርፋ ቢሆን ቀዝቃዛ ነበር የሚሆነው።

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ደርበው ነጠላውን አጣፍቶ ከእንጉዳይ አጠገብ ቆመ። ቄሱ ልጅቷን ውኃው ውስጥ ሲነክሯት አለቀሰች፤ እንዴት ያለ ለቅሶ! ደብሩ ተንቀጠቀጠ። የክርስትና እናቷ ተቀብላ በነጭ ጨርቅ ጠቀለለቻት። እንጉዳይ ወደ ባሏ ጠጋ አለችና በሹክሹክታ፣ «ድምፅዋን ሰማህ?» አለችው።

«ሰማሁ» አለ ደርበው።

«የእህቷን እኔ ነኝ የነገርኩህ። የዚችን ግን ራስህ ሰማህ።»

ደርበው ዓይኑን በነጠላው ጫፍ ጠረገ፤ የነጠላው ጫፍ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

እኔም በዚህ አበቃሁ። የኮረፋችሁ ታረቁ፤ የተሸከማችሁ አውርዱ፤ ተረቴን ለጎረቤት አቀብሉልኝ፤ እኔን ደግሞ ምርቃት አቅምሱኝ።